ለውሮ አጥንት አትስጡ

ወይዘሮ ያለምወርቅ በሕይወቷ አንድም ቀን ሽንት ቤት ሄዳ አታውቅም። «ወጣ ብዬ ልምጣ» ነው የምትለው። ስልሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን ወጣ ብላ ስትመጣ ኖራለች፤ የት ወጥታ እንደመጣች ግን ለባሏ እንኳ ነግራው አታውቅም። ሱሉልታ የላም አገር ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ጠዋት ተነስቶ እበት ይዝቃል፣ ኩበት ይጠፈጥፋል፣ ስለ ላሙ ሆድ ከቁርስ በፊት ያወራል። እሷ ግን እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ሌላ ጨዋታ ትሻገራለች። ጨዋ ሴት ናት። ሰፈሩም ይህንኑ ይመሰክርላታል፣ አንዳንዴም በዚሁ ይቀልድባታል።

እንግዲህ እግዜር መርጦ መርጦ፣ ለዚህች ሴት ሆዷ የሚደርቅ ድመት ሰጣት።

ድመቷ ውሮ ነው የምትባለው። ድመት ሁሉ ውሮ ነው፤ ስም ለማውጣት የተጨነቀ የለም። አምና ክረምት ሲገባ አንድ ባጃጅ በራቸው ላይ ገጭቷት ሄደ። ያለምወርቅ ካርቶን ውስጥ ቡቱቶ አንጥፋ፣ ወተት በማንኪያ እየሰጠች ከሞት መለሰቻት። ውሮ ዳነች፤ ዳሌዋ ግን ጠሞ ነው የገጠመው። ችግሩ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ከጓሮው አመድ ላይ ትወጣለች፣ ጀርባዋን አጉብጣ ታምጣለች፣ ታቃስታለች፣ ምንም ሳይወጣላት ትነሳለች፣ ተመልሳ ደግሞ ትቀመጣለች። ያለምወርቅ በወጥ ቤቱ መስኮት ታያትና ፊቷን ታዞራለች። ድመትም ብትሆን በዚህ ሁኔታ ላይ አትታይም ባይ ናት።

«ይቺ ድመት አልወጣላት አለ እኮ» አላት አንድ ቀን ባሏ ፍቅረሥላሴ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ። ጡረታ የወጣ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከሞተር ጋር ሲያወራ ስለኖረ ነው መሰል ከሰው ጋር ብዙ አያወራም።

«አንተ ደግሞ! ይሄ ይወራል?» አለችው።

ሳይወራ ሰነበተ። ውሮ ምግብ እስክታቆምና ያገኘችውን እስክታስመልስ ድረስ ሳይወራ ሰነበተ። ያኔ ያለምወርቅ ደነገጠች። ልጆቿ አድገው በየፊናቸው ሄደዋል፤ ባሏ ዝምተኛ ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከእግሯ ሥር የማትጠፋ፣ ስትጠራት «አቤት» የምትላት ይቺ ድመት ናት። ትወዳታለች። ቃሉን ለድመት መጠቀም ያሳፍራታል እንጂ፣ ትወዳታለች።

ዘንቢል ውስጥ ከታ፣ በጨርቅ ሸፍና፣ ባሏን አስከትላ ወጣች። በር ላይ ጎረቤቷ ኦቦ ዲሪርሳ ላሞቹን ሊያጠጣ ሲነዳ አገኛት። የሰፈሩ ሽማግሌ ነው፤ ሳይቀልድ የሚያልፈው ሰው የለም።

«ምንድነው የያዝሽው ያለምወርቅ?»

«ዶሮ ናት፣ ኦቦ።»

«ዶሮሽ ጭራ አብቅላለች» አላት፣ ከዘንቢሉ ወደተንጠለጠለው ግራጫ ጭራ በዱላው እየጠቆመ።

የእንስሳት ሐኪሟ ደራርቱ ትባላለች። ወጣት ናት፤ ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ ላም ታክማለች። ድመት ይዞ የሚመጣ ብዙ ስለሌለ ውሮን ስታይ ደስ አላት። ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ሆዷን እየዳበሰች ጠየቀች፦

«እማማ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ካካ ያለችው መቼ ነው?»

ያለምወርቅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የላም ሥዕል ማየት ጀመረች።

«ደረቅ ነው ለስላሳ? እንደ ጠጠር ነው የሚወጣት? ደም አይታችሁበታል?»

ላሚቱን የሚያህል የሚታይ ነገር የጠፋ ይመስል ያለምወርቅ ዓይኗን አልነቀለችም። ፍቅረሥላሴ ነው የመለሰው። ደረቅ ነው አለ፤ እንደ ጠጠር ነው አለ፤ ደም የላትም አለ። ሚስቱ ይህን ያህል ቃል በአንድ ቦታ ሲናገር የሰማችው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ። ሐኪሟ ስታስረዳቸው የውሮ ዳሌ ጠሞ ስለገጠመ መውጫው ጠቧል፤ የደረቀ ነገር ከመጣ እዚያ ላይ ይሰካል። ለብ ያለ ውኃ በቀጭን ቱቦ ከታች እየሰደደች፣ ሆዷን በቀስታ እያሸች አስወጣችላት። ያለምወርቅ ይህ ሲደረግ ውጭ ነበረች። ወጣ ብላ ነበር።

ስትመለስ ሐኪሟ የሚደረገውን ነገረቻት። ዱባ ተቀቅሎ ከተፈጨ ሥጋ ጋር ይለወስላት፤ መረቅ በብዛት ትጠጣ፤ ከሰው ፋርማሲ የሚገዛ ማለስለሻ ሽሮፕ አለ፣ እሱን በመርፌ ቀፎ ለክታችሁ በአፏ ስጧት፤ ደረቅ ነገር አይለፍባት፣ አጥንትማ በፍጹም።

«ይሄ ነገር ሰው ላይ ሲሆንስ» አለ ፍቅረሥላሴ ድንገት፣ «እንዲሁ ነው የሚታከመው?»

ደራርቱ ሳቀች። «እኔ የላም ሐኪም ነኝ፣ አባባ። ሰው ከሆነ ቶሎ ሐኪም ቤት ይሂድ ነው የምልዎት።»

ያለምወርቅ ነገሩን የሥራ ፈት ጥያቄ አድርጋ አለፈችው።

አሁን ወደ ስህተቱ እንመጣለን። ውሮ የእሷ ብቻ አይደለችም፤ ድመት አጥር አያውቅም። ኦቦ ዲሪርሳ ቤትም ትበላለች፣ ከአጥር ወዲያም ትበላለች። ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ሆና ነው?» አለ። የኦቦ ዲሪርሳ ልጅ ሚስት ዱርሲቱ በተለይ ውሮን፣ በኦሮምኛዋ አዱሬዋን፣ ትወዳታለች፤ «እትዬ፣ አዱሬዋ ማል ታቴ? ምን ሆነችብን?» ብላ መጣች። ያለምወርቅ አፏን ከፈተች። የሆድ ድርቀት የሚባል በሬዲዮ እንኳ የሚነገር ጨዋ ስም አለ፤ ለእሷ ግን እሱም ቢሆን ሽንት ቤት በር ላይ የቆመ ቃል ነው። ስለዚህ ያገሩ ሰው ሁሉ ሲጨንቀው የሚለውን አለች፦

«ጨጓራዋን ነው።»

የእኛ ሰው ከአንገቱ በታች ከጉልበቱ በላይ የትም ቢያመው ጨጓራ ነው። ልቡም ጨጓራ ነው፣ ጉበቱም ጨጓራ ነው፣ ሐዘኑም ጨጓራ ነው። ፍቅረሥላሴም ከገና ጀምሮ ጨጓራውን እንዳመመው ነው፤ ተልባ ይጠጣል፣ እራቱን ይቀንሳል፣ ሱሪው ሰፍቶታል። ጨጓራ ያለበትን ሰው ደግሞ ማንም ሌላ ጥያቄ አይጠይቀውም። ጥቅሙ እሱ ነው።

ዱርሲቱ አዘነች። ጨጓራ ያለበት በርበሬ እንደማይስማማው ታውቃለች። የሁዳዴ ቅበላ ደርሶ ቤቱ ሁሉ ሥጋ በሥጋ ሲሆን፣ የኦቦ ዲሪርሳ ቤተሰብ የጋጠውን አጥንት እየለቀመች፣ በርበሬውን በውኃ አለቅልቃ፣ አጥባና አጥርታ ለውሮ ስትሰጣት ሰነበተች። እንዲህ ያለ ደግነት የት ይገኛል? ውሮም እየቆረጣጠመች ዋጠችው። ሁዳዴ በገባ በማግስቱ አመዱ ላይ ተቀምጣ መነሳት አቃታት።

በዚህ ጊዜ ደራርቱ አልሳቀችም። ውሮን በመርፌ አስተኝታ ብዙ ደከመችባት። ሲያበቃ እጇን ታጥባ መጣችና ከያለምወርቅ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«አጥንት ነው፣ እማማ። ማነው የሰጣት?»

«ጎረቤት።»

«ለጎረቤት ምን ብላችሁ ነው የነገራችሁት?»

ያለምወርቅ እያፈረች ተናገረች። «ጨጓራ ብዬ።»

«ታዲያ እነሱ ምን ያድርጉ? ለጨጓራ አሰቡላት።» ልጅቷ አልተቆጣችም፤ ደክሟታል ብቻ። «አንጀቷ በጣም ተለጥጧል፣ ጉልበት እያጣ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ከተዘጋች እኔ የማደርግላት የለኝም። በስሙ ጥሩት፣ እማማ። ካልነገሯቸው በፋሲካ ይገድሏታል፣ ያውም እየወደዷት።»

ፍቅረሥላሴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ሁዳዴ ለውሮ የሰላም ጊዜ ነበር። በሰፈሩ አጥንት የሚባል የለም። ያለምወርቅ ዱባ ትቀቅላለች፣ ትፈጫለች፣ ሽሮፑን ለክታ ትሰጣለች፤ ውሮም አመዱ ላይ ወጥታ፣ ትንሽ አምጣ፣ ተገላግላ፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ትመለሳለች። ያለምወርቅ ፊቷን ማዞር ትታለች። በመስኮት አጮልቃ አይታ «ተመስገን» ትላለች። በጾም መካከል እንዲህ ባለ ነገር ተመስገን እላለሁ ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ችግሩ ሥጋው ነው። ድመት ጾም አታውቅም፤ ሥጋ ሲቀቀል ደግሞ ይሸታል። በሁዳዴ፣ በዓቢይ ጾም፣ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድማ ቅዳሴ ከምትቆመው ሴት ቤት የሥጋ ሽታ እየወጣ አጥር ለአጥር ይዞር ጀመር። ሰው ምን ይበል? አለ። ያለምወርቅ ገደፈች፣ አሟት ነው እንዴ፣ ኧረ ባሏ ነው የሚበላው ተባለ። ወሬው ጆሮዋ ደረሰ፣ አንገበገባት፣ አለቀሰች። ግን አልተናገረችም። የድመቷን ነገር ከምትናገር ጾም ገደፈች መባሉን መረጠች። የሰው ልጅ ዕፍረት አንዳንዴ እንዲህ ሒሳቡ የጠፋበት ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት ጓዳ ስትገባ ባሏን የውሮን ሽሮፕ በማንኪያ ሲጠጣ አገኘችው። ጠርሙሱ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ እኔ ነኝ የማፈሰው ብላ ነበር። ፍቅረሥላሴ ማንኪያውን እንደያዘ ቆመ፣ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሕፃን።

«ጨጓራዬን ያለሰልሰው ይሆን ብዬ ነው» አለ።

ሽሮፑ ለጨጓራ አይደለም። ለምን እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። አንገቱን አየችው፤ የሸሚዙ ኮሌታ አልሞላ ብሎታል። ሰው ሁሉ ሁዳዴ አከሳው ነበር የሚለው፣ እሷም አብራ ትላለች። ልትጠይቀው ፈለገች። ምንህን ነው? ይወጣልሃል ወይ? ምን አየህ? ሠላሳ ዓመት ከዚህ ሰው ጋር አንድ አልጋ ተኝታ፣ አራት ልጅ ወልዳለት፣ ይህን ልትጠይቀው አልቻለችም። ያለችው ሌላ ነው።

«ለድመቷ አስቀርላት» አለችው።

ማንኪያውን አጥቦ አስቀመጠና ወጣ። ያለምወርቅ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ቆማ ምላሷን ብትቆርጠው ደስ ባላት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውዬው ሽሮፑን አልነካም፤ ከጓሮ ሲመለስም በአጥሩ ዳር ዞሮ፣ በመስኮቱ ሳያልፍ መግባት ጀመረ። እሷ ድመቷን በምታይበት መስኮት።

የፋሲካ ለት ቅርጫው ኦቦ ዲሪርሳ ግቢ ነው። በየዓመቱ እንደዚያው ነው፤ ጎረቤቱ ተዋጥቶ በሬ ይገዛል፣ ጎህ ሲቀድ ይታረዳል፣ ሥጋው ሸራ ላይ በመደብ በመደብ ይደረደርና ዕጣ ይጣላል። ሰው ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ሳህንና ባልዲ ይዞ ተሰብስቧል። የሰፈሩ ድመቶችም ተሰብስበዋል። ውሮ አጥሩ ላይ፣ ዓይኗን ከሸራው ሳትነቅል ተቀምጣለች።

ዱርሲቱ ከቤት ወጣች። በእጇ የሳህን ሙሉ ቅልጥምና የጎድን ስብርባሪ ይዛለች።

«እትዬ፣ ይሄ የአዱሬዋ ነው» አለች ፈገግ ብላ። «ጨው እንኳ አልነካውም። ስትጾም ከረመች አይደል? ዛሬማ ትገድፍ።»

ውሮ ከአጥሩ ዘላ ወረደች።

ያለምወርቅ ዙሪያዋን አየች። ወንዶቹ ቢላዋ ይዘው፣ ሴቶቹ ባልዲ ይዘው፣ የደብሩ ዲያቆን ሳይቀር ቆሟል። ባሏ ከግድግዳው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ዱርሲቱን ለብቻ ጠርታ በጆሮዋ ብትነግራት ትችል ነበር። ግን አጥንቱ ያለው በሁሉም ሰው እጅ ነው፤ ከዱርሲቱ ያመለጠች ድመት ከሌላው አታመልጥም። ድመቷ ወደ ሳህኑ እየመጣች ነው። በስሙ ጥሩት ያለችው ልጅ ትዝ አለቻት።

«አትስጫት» አለች። ድምጿ ከራሷ በላይ ስለወጣ ሰው ሁሉ ዞረ። «ጨጓራ አይደለም። ዋሽቻችሁ ነው። ድመቴ ሰገራ አይወጣላትም።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ሌላው ተከታትሎ መጣ፤ ሊያቆመው የቻለ የለም።

«ባጃጅ ከገጫት ጀምሮ መውጫዋ ጠቧል። ስትቀመጥ ታምጣለች፣ እንደ ጠጠር ይደርቅባታል። አጥንት ከበላች ይዘጋትና ትሞታለች፤ ሐኪሟ ሌላ ጊዜ አላድናትም ብላለች። በሁዳዴ ሲሸታችሁ የከረመውም የእሷ ሥጋ ነው፣ በዱባ እየለወስኩ ነው የምሰጣት። ማንም እንዳይሰጣት፤ እባካችሁ።»

አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ግቢው ሁሉ። ያለምወርቅ ፊቷ ነደደ፤ ነጠላዋን ግን ወደ አፏ አልወሰደችም።

«ታዲያ ይሄን ሳትነግሪን ነው ሁዳዴን ሙሉ ሐሜት ያስገባሽን?» አለ ኦቦ ዲሪርሳ፣ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ። «ኃጢአታችንን ማን ይሸከምልን?» ከዚያ ዞር አለና «ለውሮ አጥንት አትስጡ!» አለ፤ አንድም ሰው አልሰማሁም እንዳይልም በኦሮምኛ ደገመው፦ «አዱሬ ከናፍ ለፌ ሂን ኬኒና!» ዱርሲቱ ሳህኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ክው ብላ ቀረች። «እኔ ነኛ ልገድላት የነበረው» አለች። ሮጣ ገብታ አጥንቱን ደብቃ፣ ከራሷ መደብ ላይ ቀይ ሥጋ ቆርጣ መጣችና እየከተፈች ሰጠቻት። ያለምወርቅ አቀፈቻት።

ቤት ገብተው ምሳ ቀረበ። ፍቅረሥላሴ ሁለቴ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ። ሚስቱ ብላ አላለችውም፤ ጠበቀችው።

«ያለም» አለ በመጨረሻ፣ ገበታውን እያየ። «የእኔም ጨጓራ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለችው።

«ስቀመጥ ደም አያለሁ።»

ፈራች። መሶቡን ይዛ ተቀመጠች። ግን አፏ ከጠዋቱ ጀምሮ ክፍት ነበረና አልተዘጋም። ከመቼ ጀምሮ ነው? ቀይ ነው ወይስ ጥቁር? ያምሃል? ይወጣልሃል ወይ? እያለች ጠየቀችው፤ እሱም ስለ ድመቷ እንደመለሰው ሁሉ አንድ በአንድ መለሰላት፣ ከገና ጀምሮ እንደሆነ፣ ቀይ እንደሆነ፣ አንዳንዴ ጨርሶ እንደማይወጣለት። ሲናገር ትከሻው እየወረደ መጣ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት ብዬ? አንቺን?» አለ። ወቀሳ አልነበረበትም። «ያቺ ልጅ ሰው ብታክም ኖሮ ድሮ በሄድኩ ነበር።»

ያለምወርቅ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ነገ በጠዋት እንሄዳለን አለችው። በዓል ነው አላት። ድንገተኛ ክፍል በበዓል አይዘጋም አለችው።

በማግስቱ ማለዳ ሽሮፑን ለዱርሲቱ ሰጥታ፣ እንዴት እንደሚለካ አሳይታት፣ ባሏን ይዛ ወደ አስፋልቱ ወረደች። ሚኒባሱ ፌርማታ ላይ ነበር። ኦቦ ዲሪርሳ ቦቲውን እንዳደረገ የወተት ጀሪካን አስረክቦ ሲመለስ አገኛቸው።

«እንኳን አደረሳችሁ። በፋሲካ ማግስት ወዴት ነው እንዲህ በጠዋቱ?»

ዘመድ ጥየቃ የሚለው ቃል ከልማዱ የተነሳ ያለምወርቅ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ፍቅረሥላሴ ቀደማት።

«ሐኪም ቤት ነው፣ ኦቦ። ስቀመጥ ደም አያለሁ። ቆየ።»

ኦቦ ዲሪርሳ ቀልድ አልመጣለትም። ባዶ ጀሪካኑን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ዋቅኒ ሲ ሃ ፈይሱ» አለው፣ እግዜር ይማርህ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ። ወያላው «አዲሱ ገበያ፣ አዲሱ ገበያ» እያለ በሩን ከፈተ። ባልና ሚስት ገቡ። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሞ አላስዘጋ አለ፤ ወያላው «አባባ፣ ይገባሉ ወይስ አይገቡም?» አለው።

ጀሪካኑን ከፌርማታው አጠገብ ባለ ሱቅ ደፍ ላይ አስቀመጠና በሩን ይዞ ገባ። ከያለምወርቅ አጠገብ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፦

«እኔም ጨጓራ ነው ስል ነው የኖርኩት» አላት።

ያለምወርቅ ወደ ባሏ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።